በሔራን ፈንታ

ሙሉወርቅ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ያሉት ልጃገረዶች አርባ ቢሆኑ ነው። በዚያ በጥር ብርድ ቀሚስ ብቻ ለብሰው፣ ጃኬታቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ እግራቸው ቀልቶ ይስቃሉ። እሷ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋለች። ሌሊቱን ዌርሃውስ ካርቶን ስትደረድር አድራ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ አልተኛችም፤ ያበጠ እግሯን የበዓል ጫማ ውስጥ በግድ ነው የከተተችው።

ከመንገዱ ማዶ ባሏ ሳህሌ ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ አቁሞ፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይጠብቃታል። ከመኪናው ስትወርድ፣ "አደራ፣ አንቺን መርጠው እንዳያስቀሩብኝ" ብሏታል። አልሳቀችም። ሳቅም ጉልበት ይፈልጋል።

ልጃቸው ሔራን ዩኒቨርሲቲ ከገባች አምስተኛ ወሯ ነው። እዚያ ሶሮሪቲ የሚሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበር አለ። መግባት የምትፈልግ ልጅ በየቤቱ እየዞረች ትታያለች፣ የወደዷት ቤት ለሚቀጥለው ዙር ይጠራታል፣ ተጠርታ ሳትናገር የቀረች ስሟ ይሰረዛል። ሔራን ይህን ስታስረዳት ሙሉወርቅ ለመረዳት አፍታም አልፈጀባት። እድር ነው። ስትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደጅሽ የሚቆም ሰው ማበጀት ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን የምትበላ ልጅ ደግሞ እድር ያስፈልጋታል።

ሰኞ ማታ ሔራን ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ይሄኛው ቤት ለሐሙስ ከሰዓት እንደጠራት፣ ሰዓቱ ግን ከኬሚስትሪ ላብ ጋር እንደሚጋጭባት ነገረቻት።

"አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ" አለቻት ሙሉወርቅ። "በአንቺ ፈንታ እኔ እገኛለሁ።"

ሔራን ሳቀች። "ኦኬ፣ ማሚ።"

ሙሉወርቅ ግን መቀለዷ አልነበረም። አዲስ አበባ ሳሉ ሳህሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ እሱ ክፍለ ሀገር በወጣ ቁጥር እድሩ ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት የምትለው እሷ ነበረች። ዳኛውም ቀና ብሎ አይቷት ምልክት ያደርጋል። ሰው የላከ እንደቀረ አይቆጠርም።

ነጭ ጃኬት የለበሰች ተማሪ ከማኅበሩ ቤት ደረጃ ላይ ሆና ከስልኳ ስም መጥራት ጀመረች። በአባት ስም ፊደል ተራ ነው የምትጠራው። የተጠራችው ሁሉ እጇን እያወጣች ወደ ፊት ትጠጋለች። ሙሉወርቅ የምትለውን እንግሊዝኛ ከንፈሯ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀች። ሳንደርስ ተባለ። ሽሚት ተባለ። ሳህሌን ዘለሉት። ፈረንጅ አፉን የማይፈታበት ስም ሲያጋጥመው ለመጨረሻ እንደሚያቆየው ታውቃለችና አልደነገጠችም። ያንግ ተባለና ስም አለቀ። በሩ ተበረገደ፤ ከውስጥ ሌሎች ልጃገረዶች ተደራርበው እየዘፈኑና እያጨበጨቡ ሰልፉን ተቀብለው አስገቡት። በሩ ሲዘጋ ደጁ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ነጭ ጃኬቷ ልጅ ወርዳ፣ ምን ልርዳዎት አለቻት። ሙሉወርቅ ባላት እንግሊዝኛ ተናገረች። ልጇ ክላስ ናት፤ በልጇ ፈንታ የመጣችው እሷ ናት፤ የልጇ ስም ሔራን ሳህሌ ይባላል።

ልጅቷ አልሳቀችባትም። ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች። ሔራን ሰኞ ማታ በራሷ ፈቃድ ከምርጫው ወጥታለች አለቻት፤ ሙሉወርቅ ያላመነቻት መስሏት ስልኩን አዙራ አሳየቻት። ምክንያት ከሚለው ሥር አንድ መስመር አለ፤ የክፍል ሰዓት ግጭት።

ልጅቷ ቀጠለች። ግራ የገባት ይሄ እንደሆነ ነገረቻት። በክላስ ምክንያት የሚሰረዝ የለም፤ አንድ ፎርም መሙላት ነው፣ ሁልጊዜ ይፈቀዳል፣ ማንም አይቀየምም። ይህንኑ ለሔራን ሁለት ጊዜ ጽፋላታለች። አልመለሰችላትም። አሁን ዙሩ ተዘግቷል፤ ለከርሞ መሞከር ትችላለች።

ሙሉወርቅ መስመሯን ደግማ አየቻት። ሔራን ይህቺን ሰበብ ከማን እንደተማረቻት አወቀች። ስንት ሰርግ፣ ስንት ልደት፣ ስንት የቸርች ፕሮግራም "ሥራ ነኝ" ብላ ቀርታለች። ዕረፍቷ በሆነ ቀን፣ ፒጃማዋን ሳታወልቅ፣ ሔራን አጠገቧ ተቀምጣ እየሰማቻት። ሥራ ነኝ ያለን ሰው ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። ልጅቷን አመስግና፣ አስፋልቱን እያነከሰች ተሻገረች።

ሳህሌ በሩን ከውስጥ ከፈተላት። "እህሳ?"

"ክላስ ናት አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ችግር የለውም አሉ።"

"ሰው ናቸው እኮ" አለ ሳህሌ ደስ ብሎት፤ ፍሬቻውን አጥፍቶ ተነሳ። መኪናው ገና መንቀሳቀሱ ነበር፣ ለሔራን የምሥራቹን ልንገራት ብሎ ስልኩን ሊያነሳ ሲል ሙሉወርቅ እጁን ያዘችው።

"ተዋት። ክላስ ናት።"

መስቀለኛው ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ተማሪዎች ከፊታቸው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ አንገታቸውን ከብርዱ ቀብረው ይሻገራሉ። ሙሉወርቅ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ፣ ብቻቸውን የሚሻገሩትን ስትቆጥር ቆየች።