አልነሳ ያለው ክንድ

ትብለጥ ከገጠር ወደ አጎቷ ቤት የመጣችው ልትማር ነበር፤ የደረሳት ዕጣ ግን የአጎቷ ብብት ሆነ። ቀኝ ትከሻው ደርቆ ክንዱ አልነሳ ስላለው፣ ጠዋት ጠዋት የከረመ ቅቤ እየቀባች ታሸዋለች። ቅቤውና ላቡ ተቀላቅሎ የሞተ አይጥ የሞተ አይጥ ይሸታል፤ ወደ ላይ ወደ ላይ ይላታል።

«እትዬ አስካለ፣ ኧረ ይወጋ! ትከሻ የሚያፍታታ መርፌ አለ አሉ» ትላለች ለአጎቷ ሚስት።

«ወጌሻው ቅቤ ይበቃዋል ብሏል። ምን አስቸኮለሽ?»

«ታዲያ ለምን አንቺ አታሺውም?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!»

ትብለጥ ምላሳም ብቻ ሳትሆን ግትርም ናት። አጎቷን ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችው፤ ትከሻው ላይ ተወጋ። ሕመሙ ሲበርድለት ሐኪሙ ያዘዘውን እንቅስቃሴ እያጉረመረመ ሲሠራ ከረመ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ክንዱ ከራሱ በላይ ወጣ።

«ተመልከቱ!» አለ እየሳቀ።

ትብለጥ እልልታዋን አቀለጠችው። «ከዚያ ግም ቅቤ ተገላገልን!» ልትላት ወደ እትዬ አስካለ ዞረች።

እትዬ አስካለ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብላ፣ በሁለት ክንዶቿ ራሷን ከልላለች።