ሦስቱ የድጋፍ ነጥቦች

ይሄይስ ተቀምጦም ከፈውዚያ ይረዝማል፤ ድምፁ ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። ፈውዚያ ስትናገር ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያዳምጣት። እሱ የአማኑኤል ቄስ ልጅ ነው፤ ልጅነቱን ቅኔ ቤት አሳልፏል። እሷ የቁይ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ፊደል የለየችው በጣቃዎች መካከል ቁጭ ብላ ነው። በደብረ ማርቆሱ የግብርና ኮሌጅ እሱ የከብት እርባታ፣ እሷ የአፈር ሳይንስ ሲያስተምሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ከአዳራሹ ፊተኛ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከሁለታቸው ማን ለአራት ዓመት የኮሌጁ ዲን እንደሚሆን ይጠባበቃሉ።

«እኔ ካሸነፍኩ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ፣ ያን የአፈር ከረጢትሽን ከኮሪደሩ አንሺ የሚል ነው» ይላታል።

«እኔ ካሸነፍኩ ከኮሪደሩ የማስነሣው አንተን ነው። ደብዳቤም አልጽፍ።»

ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ከበሩ ላይ ነው። በደንቡ መሠረት ለሴት ተወዳዳሪ በመጨረሻው ውጤት ላይ ሦስት የድጋፍ ነጥብ ይታከላል። ትናንት አባቷ ስልክ ደውለው፣ «በሰደቃ የሚሰጥሽ ከሆነ አትንኪው። አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም ክንድ አጉድዬ አልሸጥኩም፤ ለልጄም እንዲጨመርላት አልፈልግም» ብለዋታል። ብለውም አልቀሩ፤ ከእናቷ ከሸሪፋና ከወንድሟ ከሪያድ ጋር በማለዳው ሚኒባስ መጥተው፣ ከተከፈተው በር ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ከዝናቡ ተጠልለው ቆመዋል።

የአስመራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አስማማው መነጽራቸውን ያጠልቃሉ።

«አንደኛ፣ ዶክተር ፈውዚያ ሱሩር።»

ጭብጨባው ገና ሳይሞቅ ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «ሦስቷ ነጥብ ትኑርልን!» አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

ፈውዚያ ዝም ብላ መቀመጥ ትችላለች። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፤ ወንበሩ የእሷ ነው። እሷ ግን ትነሣለች።

«አቶ አስማማው፣ የድጋፉ ነጥብ ሳይታከል የሁለታችንን ውጤት ያንብቡልን።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ቁጥሩን እሷም አታውቀውም። ይሄይስ የሻርፗን ጫፍ ይጎትታል።

«አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? ተይው! ያነሰ እንደሆነስ?»

«ያነሰም እንደሆነ ይሰማ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር የኔአለም ወደ አቶ አስማማው ይዞራሉ። «የሚከለክል ደንብ የለም» ይላሉ፤ «ይነበብ።»

«የአመራር ዕቅድ፣ ከአርባ። ይሄይስ ሠላሳ አንድ፣ ፈውዚያ ሠላሳ ስምንት።»

የይሄይስ ዕቅድ ስለ ላሞችና ስለ ትራክተር ነበር፤ መልካም ዕቅድ ነው። ፈውዚያ ግን ብዕር ከማንሣቷ በፊት በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታቸውን ትተው ለሄዱ አርባ ሦስት ተማሪዎች ስልክ ደውላ ነበር። አንዷ ዓይነ ስውር ናት፤ ፈተናዋን የሚያነብላት ሰው ጠፍቶ ቀረች። ሌላው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ነው፤ የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ከአገጩ በላይ ሆኖበት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰው ሲሠራ ተመለከተ። ዘጠኝ ገጽ የሆነው ዕቅዷ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ምን እንደሚደረግና በየትኛው ወር እንደሚጠናቀቅ ይናገራል።

«የሥራ ልምድ፣ ከሠላሳ። ይሄይስ ሃያ ስምንት፣ ፈውዚያ ሃያ ሦስት።»

ልዩነቱ ወደ ሁለት ወረደ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ወንበሩን ያንቋቋል።

«የመምህራን ድምፅ፣ ይህም ከሠላሳ። ይሄይስ ሃያ አንድ። ድምር ሰማንያ።»

ፈውዚያ እስካሁን ያላት ስልሳ አንድ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ በላይ ያስፈልጋታል። አቶ አስማማው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ፤ ይሄይስ በጣቶቹ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ፈውዚያ፣ ሃያ ተኩል። ድምር ሰማንያ አንድ ተኩል።»

ቀድሞ ከመቀመጫው የሚነሣው ይሄይስ ነው። «በአንድ ነጥብ ተኩል! የአፈር አስተማሪዋ ዘረረችኝ፣ ጎበዝ!» ብሎ መስኮቱ እስኪርገበገብ ያጨበጭባል። አዳራሹ በሙሉ ይነሣል፤ የኋላ ረድፉ ሰውዬም ይነሣል፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

«እንግዲህ» ይላሉ ዶክተር የኔአለም ፈገግ ብለው፣ «የድጋፉን ነጥብ ከቃለ ጉባኤው እናውጣው?»

«አይውጣ። ዛሬ እኔን አላስፈለገኝም። ነገ የሚያስፈልጋት ስትመጣ በቦታው ታግኘው።»

ወጥታ ከክፈፉ ሥር ስትደርስ አባቷ ሁለት ጉንጮቿን ይዘው ግንባሯን ይስማሉ። «አልሐምዱሊላህ! በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ፤ ያለ ነጥቡ ነው ያሸነፍሽው! ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ ቁይ ይዤሽ እገባ ነበር።»

«እውነታቸውን ነው» ይላል ሪያድ፤ «ሦስት ሆነን መጥተን፣ ለመመለሻ ያስያዙት የአራት ሰው ቦታ ነው።»

ሸሪፋ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ፈውዚያም ትስቃለች፤ የአባቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«አባባ፣ ያነሰ ቢሆንም ኖሮ አልመለስም ነበር።»

«ምን? ያነሰ ቢሆንም?»

«እስቲ ልጅቷ ትጨርስ» ይላሉ ሸሪፋ።

«ቢያንስም እንደምቀበለው ወስኜ ነው የተነሣሁት። እነዚያ አርባ ሦስት ልጆች የእኔን ውጤት አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ መቼ እንመለስ ብለው ነው።»

ፈውዚያ ሦስቱንም በየተራ ታያለች፤ ማንም ጎንበስ ሳይል በሚሰማው ድምፅ ትናገራለች።

«ተቀብያለሁ። አራት ዓመት እዚሁ ነኝ።»