ያልታጠበው ጠርሙስ

ብልጭታው ዘይቱ ውስጥ ጧ ይላል፤ የመሞከሪያው ቁጥር ሃያ ሺህ ቮልት ሳይሞላ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። ደህና ዘይት ከዚህ እጥፍ በላይ ቮልቴጅ ይችላል። ይሄኛው ውሃ ጠጥቷል።

ዘይቱ የመጣው ከጅቡቲ ነው፤ በባሕሩ ዳርቻ ካለ የበረዶ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ተቀድቶ። ጠባቂው ታናሽ ወንድሜ ሙሉነህ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እኔ በአውሮፕላን ወደ ስዊዘርላንድ፣ እሱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣን። እኔ ዙሪክ የዘይት ላቦራቶሪ ስገባ እሱ ከጨው ጋር ተፋጠጠ። የባሕሩ ጨው ቀለሙን ይልጣል፣ ብረቱን ይበላል፤ አንዲት ቀዳዳ ካገኘ እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥለት ጨውን በውሃ አጥቦ የሚያስለቅቀው ሙሉነህ ነው።

ዘንድሮ የፋብሪካው ባለቤት ዝገት አየና፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከተገኘ ጠባቂውን አሰናብታለሁ አለ። ወንድሜ የሚያድረው እዚያው ግቢ ነው። ከዚያ ከወጣ መሄጃ የለውም።

ፋየርአቤንድ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት፣ ደርሷል፤ ባልደረቦቼ ጃኬታቸውን ለብሰው እየተሰናበቱኝ ይወጣሉ። እደውልለታለሁ። ስለ ሙቀቱ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ጉንፋኑ እጠይቀዋለሁ፣ መናገሩን ፈርቼ። በመጨረሻ ከላከልኝ ሁለት ጠርሙሶች የመጀመሪያው አልሆነም እለዋለሁ።



«እትዬ፣» ይላል፣ «ሁለተኛውን ለፈረንጆቹ እንዳታሳዪብኝ።»

ለምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

«ሳላጥበው ነው የሞላሁት። የመጀመሪያውን በሳሙና አጥቤ ሦስቴ አለቅልቄዋለሁ። ሁለተኛውን ላጥብ ስል ውሃ ጠፋ።»

ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጠርሙሶቹን እዚሁ አጥበን፣ በሙቀት አድርቀን፣ አሽገን ነበር የላክንለት። ከፍተህ ከመሙላት በቀር ምንም እንዳታደርግ ብዬዋለሁ። ግን የእናታችን ልጅ ነው። እናታችን አዲስ ብርጭቆ እንኳ ከካርቶኑ አውጥታ ሳታጥብ ለእንግዳ አታቀርብም ነበር። በቤታችን ማጠብ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ እጅ ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው።

የመጀመሪያውን አድርቆት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ገልብጦ አንጠፍጥፎታል፣ ይበቃዋል ብሎ።

ስልኩን እንዳይዘጋ ነግሬው ሁለተኛውን ጠርሙስ እከፍታለሁ። ዘይቱን ቀስ ብዬ ወደ መሞከሪያው እቀዳለሁ፣ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ አረፋው እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቮልቴጁን እለቀዋለሁ። ሃያን ያልፋል። ሠላሳ። አርባ። ሃምሳን አልፎ ነው ጧ የሚለው። አላመንኩትም፤ እደግመዋለሁ። አሁንም ሃምሳን ያልፋል።

«ሙሌ፣ ዘይትህ ደህና ነው።»

«የትኛው?»

«ያልታጠበው። ውሃው የጠርሙሱ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ጠብታ አልገባበትም። ጠብቀኸዋል።»

ረጅም ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ከዚያም የታፈነ ሳቅ። እኔም እስቃለሁ፤ እንባዬ ጓንቴ ላይ ይንጠባጠባል። ደስ ብሎኛል፣ ደክሞኛልም። እሱ ግን አሁንም ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ለባለቤቱ ውጤቱን ስጽፍ ጠርሙሱ እንዳልታጠበ እንዳላነሳ ይለምነኛል።

ቃል ልገባለት ስል ከወዲያ ማዶ ቧንቧ ያስነጥሳል፣ ተፍ ተፍ ይላል።

«እትዬ፣ ውሃ መጣ» ይልና ስልኩን ሳይዘጋ ይሮጣል።

ላቦራቶሪው ባዶ ነው። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ፣ ከትራንስፎርመሩ ማጉረምረም ሥር፣ ባልዲው ሲሞላ አዳምጣለሁ።