ለሽማግሌዎቹ የተጠና መልስ

በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ከልጁ እኩዮች ጋር ኮሌጅ ገብቶ የንግግር ኮርስ የወሰደው ለዲግሪ ብሎ አይደለም። አፉ ይያዝበታል። ሰው ደግሞ አፍ ሲያዝ ጭንቅላትም የታሰረ ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሙ ዕድሜ ልኩን በሰው ፊት፣ «ተወው፣ አንተ እስክትጨርስ ይመሻል፤ እኔ ልናገርልህ» እያለ ሲያስቅበት ኖሯል። ልጁን ምንትዋብን ለትዳር የሚጠይቁትን ሽማግሌዎች ግን ራሱ ሊመልስ ምሏል።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ» አለው ወጣቱ መምህር። «ቃሉ እስኪመጣ ዝም ይበሉ። ዝምታ ክብር አለው።»

ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠውን የእሺታ መልስ የፈተና ንግግሩ አደረገው። አንዴም ሳይሰናከል ተወጣው፤ ክፍሉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበለት።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ወንድሙን አልጠራውም፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሱና ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጁ ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ወጉ ነው፤ ባለቤቱ ተቀመጡ ሳይል አይቀመጡም።

መልሱን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ይቺን አንዲት ቃል ግን አላጠናትም። አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። መምህሩ እንዳለው ዝም ብሎ ጠበቃት።

«አባዬ፣ በላቸው እንጂ» አለች ምንትዋብ በሹክሹክታ።

ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «ገብቶናል ጌታዬ። ልጁን የከለከለ ሰው ነው ሽማግሌ አቁሞ የሚመልስ።»

የግቢው በር ተዘጋ።

«ተቀመጡ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።