የሎርና ልክ

«ክንድሽን ወደ ላይ» አለች በርኒስ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች።

ሎርና ክንዷን አነሳች። ከአዲሱ ቀሚስ ሥር ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም የብርድ ሱሪ ደርባለች፤ ያውም ውጭው አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት። ላቡ በአከርካሪዋ ይወርዳል። ምን ታድርግ? ወደ ወፍራሞች ጉባኤ ከስታ መምጣት አልሆንልሽ አላት።

ጉባኤው በየዓመቱ በዚሁ የካንሳስ ሆቴል ይካሄዳል። በሩ ላይ «ክብደት ስለ መቀነስ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ «ወፍራም» ማለት «ረጅም» ወይም «ጠይም» እንደ ማለት ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በገዛ እናታቸው ቤት ሲሰደቡ የከረሙ ሰዎች ለጥቂት ቀን እፎይ ብለው ይዋኛሉ፣ ይጨፍራሉ። ሎርናና በርኒስም የተዋወቁት እዚሁ ነው። የሱቅ ልብስ እነሱ ልክ ጋ ሳይደርስ ስለሚያልቅ፣ በርኒስ በየዓመቱ አንድ ቀሚስ ሰፍታ ታመጣላታለች። አሁንም ጉባኤተኞቹ ልብስ በሚለዋወጡበት ክፍል፣ በመስቀያዎቹ መሀል አቁማ እያስተካከለችላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎርና ሆዴን ያመኛል ብላ ስትመላለስ ሐኪሙ «መጀመሪያ ክብደት ቀንሺ» እያለ ይሸኛት ነበር። ኋላ ሥጋዋ በራሱ ጊዜ ይረግፍ ጀመር። ሐኪሙ ጎበዝ አላት። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች አጨበጨቡላት፤ ጎረቤቶቿ ዘዴውን ለእኛም ንገሪን አሏት። ሰው ሲከሳ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ማለት ወግ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም። በስተመጨረሻ ሲመረምሯት ካንሰር ከቆሽቷ አልፎ ጉበቷን ይዞታል። ገናን አታይም።

ይባስ ብላ እህቷ ጄኔት፣ ለሬሳ ሣጥኑ የሚሆን ጠባብ ሰማያዊ ቀሚስ ገዝታ ሰቅላለች። በእነሱ ዘንድ ሣጥኑ ተከፍቶ ሰው ተሰልፎ ሬሳውን ያያል። «እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ያማረ ነገር ትለብሻለሽ» አለቻት ጄኔት፣ ምንም ክፋት ሳይኖራት። ሎርናን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሞቷን እንደ ድል ሊቆጥሩላት ነው። ለጄኔት ሬሳዋን መተው ስላልፈለገች፣ በርኒስን ልትለምን መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ግን አፏ እምቢ አላት። ዓምና አንዲት ሴት ሆዷን በቀዶ ጥገና አስቆርጣ፣ ከስታ ብትመጣ፣ ሰላምታ የነፈገቻት በርኒስ ናት።

«ትከሻሽ የት ሄደ?» አለች በርኒስ።

ትከሻ በሹራብ አይሞላም። በርኒስ ጣቷን በአንገትጌው ሰደደች፤ አንዱን ሹራብ ሳብ አደረገችና ከሥሩ ሌላውን አገኘች። ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። መስቀያዎቹ ዘንድ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«አስቆረጥሽ» አለች።

ሎርና አንገትጌዋን መልሳ ሰበሰበች።

«እኔ ቂሏ በድሮ ልክሽ ስሰፋ ከርሜያለሁ፤ አንቺ ሆድሽን አስቆርጠሽ፣ ሹራብ ጠቅጥቀሽ ትመጪልኛለሽ። መክሳት ከፈለግሽ ክሺ፣ ገላው የራስሽ ነው። እኔን ማሞኘቱ ግን ምን አመጣው?»

ሎርና ነገሩን እንዲሁ ብትተወው ይቀላት ነበር። ከሃዲ መባሉን ትችለዋለች፤ ሰው የሚቆጣው በጤነኛ ላይ ነው። የፈራችው እንደ በሽተኛ መታየትን ነው። ግን ጊዜ የላትም። ክንዶቿን ወደ ቀሚሱ ውስጥ አስገብታ ሹራቦቹን አወለቀችና እግሯ ሥር ጣለቻቸው፤ ቀሚሱ ውስጡ ለመገላበጥም ይበቃል። ክንዶቿ በእጅጌው ተመልሰው ሲወጡ ቆዳቸው ተንጠልጥሏል፣ ቢጫ ሆነዋል።

«አላስቆረጥኩም» አለች። «ካንሰር ነው። ልሞት ነው።»

ዓምና ሎርና የሆዷን ነገር ስታዋያት «ሐኪም ቤት አትሂጂ፣ ከስድብ በቀር የሚሰጡሽ የለም» ብላ የመከረቻት ራሷ በርኒስ ነበረች። አሁን ትዝ ሲላት ፊቷ ተለዋወጠ።

«አትሂጂ አልኩሽ እኮ» አለች በቀስታ።

«ሄድኩ እኮ። ሰደቡኝ።»

በርኒስ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ከዚያ እጇን የምታስገባበት ጠፋት መሰል፣ የቀሚሱን ወገብ በሁለት በኩል እየሰበሰበች ስፒል ትወጋ ጀመር። ለማታው ጭፈራ አጥብብልሻለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ቆንጆ አድርጌ እይዝልሻለሁ እያለች ታጉተመትማለች። ሎርና እጇን ያዘቻት።

«አታጥብቢው። የምቀበርበት ነው። ጄኔት ጠባብ ገዝታልኛለች። ሰው ተሰልፎ ‹አማረባት› እንዲልብኝ አልፈልግም። መጥተሽ አንቺ አልብሺኝ።»

«በጣም ይሰፋሻል።»

«ይስፋኝ።»

በርኒስ አፍንጫዋን ጠረገች። ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚህ ክፍል ወደ አሳንሰሩ እንኳ የምትደርሰው ሁለት ጊዜ አርፋ ነው።

«የቀብር አስፈጻሚዎቹ ወንበር የክንድ መደገፊያ ይኖረዋል፣ እኔን አያስገባኝም» አለች። «ግድ የለም፤ አጠገብሽ ቆሜ እውላለሁ።»

ከዚያ አጎንብሳ የወጋቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። የመጨረሻው ሲወጣ ቀሚሱ ከሎርና ወገብ ተላቀቀና እንደ ስፋቱ ዙሪያዋን ወረደ።