እጅሽን ሰብስቢ፣ ማርቲ

«እጅሽን ሰብስቢ አልኩሽ!» አለች ድንቅቱ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ልጇ ማርቲ ወደ ቁልፎቹ የሰደደችውን እጅ መልሳ ጭኗ ስር ወሸቀችው። «ማሎ እማ፣ እኔ እኮ ባንድ ደቂቃ እጨርስልሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ወንበርሽን ያራቅሁት ለዚሁ ነው።»

ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኗል። ድንቅቱ እዚሁ ቡራዩ ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሃምሳ ዓመቷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት የዩኒቨርሲቲው የጋራ የፋይል ማከማቻ ውስጥ ካላስገባች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል። በኢሜይል አይቀበሉም፣ በፍላሽም አይቀበሉም። ከቤት ሆኖ ከማከማቻው ጋር መገናኘት እንዴት እንደሆነ ልትጠይቅ ኮምፒውተር ክፍል ብትሄድ፣ እዚያ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አያትና፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ ልጅ የለዎትም እንዴ? ልጅ ይሥራልዎት» አላት።

«እማማ» መባሉን እንኳ ትችለው ነበር። «ልጅ ይሥራልዎት» ያላት ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ጽሑፉን ልጅ አልጻፈላትም፤ ወስዶ ማስቀመጡንም ልጅ አይሠራላትም። ፊቱ ተገትራ አንድ በአንድ አስነገረችውና ወጣች።

አሁን በስልኳ ኢንተርኔት የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ውስጥ ገብታለች። እስከዚህ ሰላም ነው። የማከማቻውን አድራሻ ሁለቱን ያዘነበሉ ሰረዞች ሳትረሳ ጽፋ፣ ስሟንና ፓስወርዷን ሞልታ ስትጫነው ግን፣ አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት ድቅን ይልባታል።

«ኔትወርኩ ነው። ዝጊውና እንደገና ሞክሪ» አለች ማርቲ።

ዘጋችው፣ ሞከረች። ያው ነው።

«ዝጊውና ድገሚው።»

ደገመችው። ያው።

አጥር የሚጋራቸው በር ሠሪ ብየዳውን ሲጀምር አምፖሉ ጭልምልም አለ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራቱ ከሄደ እሱም አብሮ መሄዱ ነው። ልጂቱ ትንካው፣ ማን ያያል? የሚል ሐሳብ ድንቅቱን ሹክ አላት። ማን ያያል? እሷ ራሷ ታያለቻ!

መልእክቱ ተመልሶ ብቅ ሲል ማርቲ «ዝጊ...» ብላ ሳትጨርስ፣ እናቷ እጇን አነሳች። «ቱሪ! ቆዪ እስቲ። ይሄ ነገር የሚለው አለ እኮ። ጥያቄውን ሳያነቡ መልስ የሚጽፉ ተማሪዎቼን ስቆጣ ነው የኖርኩት፣ ዛሬ እኔው ልሁን?»

መነጽሯን አስተካክላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። በኮምፒውተሩና በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ ይላል።

«የምን ልዩነት?» ማርቲ ስልኳን አየች። 10:50 ይላል። የላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ 4:50 ይላል። ለአገሬው ሰው ሁለቱም ያው አንድ ረፋድ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ድንቅቱን ሳቅ አፈናት። «አባትሽ!»

ባሏ ካሳሁን ላፕቶፑ የተገዛ ዕለት፣ «እኔ ቤት የፈረንጅ ሰዓት አይቆጠርም» ብሎ በገዛ እጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሶት ነበር። ሰርቨሩ ግን ካሳሁንን ከየት ያውቀዋል? ዩኒቨርሲቲው ረፋድ ላይ ሲደርስ የእሷ ላፕቶፕ ገና ዶሮ ሲጮህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ማን አምኖ ያስገባል!

«እኔ እኮ አንዴም አላነበብኩትም» አለች ማርቲ፣ ለራሷ ያህል።

ድንቅቱ ሰዓቱን አስተካከለች። አድራሻውን፣ ስሟን፣ ፓስወርዷን ጻፈችና ተጫነች። መልእክት የሚባል አልመጣም፤ ማከማቻው እንደ ቤት ዕቃ ላፕቶፗ ውስጥ ቁጭ አለ። ፎልደሩን ከፈተችው።

ባዶ ነው።

«ተሳስተሻል እማ፣ ይሄ አይደለም። የሌሎቹ ጽሑፍ ታዲያ የት አለ?»

ድንቅቱ ክው አለች። አብረዋት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩት ልጆች የማርቲ እኩዮች ናቸው፤ ጣታቸው ከዓይን ይፈጥናል። የመጨረሻዋ ገቢ እሷ እንደምትሆን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። የፎልደሩን ስም ከላይ ጀምራ አነበበች። የትምህርት ክፍሉ ስም፣ ዓመቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚለው፣ ሁሉም ልክ ነው። ፋይሏን ጎትታ አስገባችው። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ብየዳው እንደገና ሲንጫጫ አምፖሉ ድርግም ብሎ በራ። መስመሩ ግን ሞላ።

ነጩ ገጽ ላይ አንድ ስም ብቻ ተቀመጠ። ድንቅቱ ጆርጎ።

«እማ! አንደኛ ነሽ እኮ!» ማርቲ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ድንቅቱን ኩራቱ እስከ ጆሮዋ ጫፍ አሞቃት።

«በቃ፣ አሁን ልዝጋው?» አለች ልጅቷ።

«አትዝጊው።» ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ቀድሞ የደረሰ እንግዳ ይቀበላል።»

ብዙም ሳይቆይ ከስሟ ስር ሁለተኛ ስም ብቅ አለ። ዮፍታሔ ነው፣ የክፍሉ ቀልጣፋ።

«ኖር!» አለች ድንቅቱ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።