«ከቁርስ በኋላ ስጠው» የተባለው ክኒን

«ገመዱን ፍታው።»

«አልፈታም።»

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ከተማ ራቅ ያለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነን። ጥቅምት ነው፤ አጨዳው ደርሷል።

አንድ ወጣት ከግራር ዛፍ ጋር ታስሯል። ደረሰ ይባላል።

ያሰረው ባዕድ እንዳይመስላችሁ… የገዛ ታላቅ ወንድሙ ስንሻው ነው።

ፍታው የምትለው ተናኘወርቅ ናት፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ። በየእርሻው እየዞረች የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የኛን የኢትዮጵያውያንን ሠራተኞች ትከታተላለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደረሰን ከተማ ወስዳ አሳክማው ነበር። ሐኪሙ የሠላሳ ቀን ክኒን አዘዘለት። እሷም ለስንሻው «በየቀኑ፣ ከቁርስ በኋላ ስጠው» ብላ አስረክባው ሄደች።

ዛሬ ስትመለስ ግን ልጁ ብሶበታል። እንቅልፍ የለውም። ከማይታዩ ሰዎች ጋር ይጨቃጨቃል። ትናንት ማጭድ ይዞ ሲሮጥ ነው የያዙት።

«ክኒንሽን ሞከርነው… አልሠራም» አለ ስንሻው አቀርቅሮ። «እኔ አጨዳ ስውል ማን ይጠብቀው? በረሃ ገብቶ ይቅርብኝ?»

በዚህ መሃል ሠራተኛውን የሚያዘው የእርሻው ወኪል መጣ።

«ኻላስ፣ በቃ» አለ። «ቅዳሜ በሎሪ ገላባት ይሄዳል። ድንበሩ ላይ ይወርዳል። አንተ ግን አጨዳው ሳያልቅ ንቅንቅ አትልም።»

ድንበር ላይ… ራሱን የማያውቅ ልጅ… ብቻውን።

ሌላ ሰው ቢሆን «የምችለውን አድርጌያለሁ» ብሎ ይሄድ ነበር። ተናኘወርቅ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ክኒኑን አምጣልኝ።»

ቆጠረች። ሃያ ስድስት። ደግማ ቆጠረች።

«በአሥራ አራት ቀን አራት ብቻ ነው የዋጠው። መቼ መቼ ነው የሰጠኸው?»

«ቅዳሜና እሁድ።»

«ሌላውን ቀንስ?»

«ሌላውን ቀንማ ቁርስ አንበላም።»

ተናኘወርቅ ክኒኖቹን አስቀምጣ «ለምን?» አለችው።

«የጽጌን ጾም ልጾም ተስያለሁ» አለ ስንሻው። «እመቤቴ ወንድሜን እንድትምርልኝ፣ እኔም እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላንቀምስ። አንቺ ከቁርስ በኋላ ስጠው አልሽኝ። ቁርስ ከሌለ ምን ላድርግ?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ወንድሙ እንዲድን ብሎ የገባው ስለት ነው ክኒኑን ያስቀረው…

አልሳቀችበትም። አልተቆጣችውም።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለችው። «ስሰጥህ ጾም ላይ ናችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።»

እዚያው ቁጭ እንዳለች ሐኪሙ ጋ ደወለች። ማታ ከእራት በኋላ ይዋጥ አለ።

ቀጥላ ወኪሉን አስቆመችው።

«አሥር ቀን ስጠኝ። ገመዱ ይፈታ። እኔ እዚሁ ከወጥ ቤት ሴቶቹ ጋር እያደርሁ እጠብቀዋለሁ።»

«ካልተሻለውስ?»

«ካልተሻለው ሎሪው ላይ አብሬው እወጣለሁ። ብቻውን አይወርድም።»

ወኪሉ «ጠይብ፣ እሺ» ብሎ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አይወሩ… ደረሰ ሁለት ጊዜ ሮጠ። ሁለቱንም ጊዜ ጫማዋን ጥላ ተከትላ፣ እያነጋገረች መለሰችው። በአምስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። በሰባተኛው ቀን መታጠቢያ ውኃ ጠየቀ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ተነሥቶ ወደ ዛፉ ሄደና ገመዱን ከመሬት አነሣ። ስንሻው ደንግጦ ማጭዱን ጣለ።

«ወንድምዓለም» አለው ደረሰ። «የነዶ ማሰሪያ አለቀ ስትል ሰማሁ። በዚህ እንሰረው።»

ስንሻው ሰሊጡ መሃል ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

አሁን እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ስንሻውን ስትሰድቡት እንደነበር አውቃለሁ። «የገዛ ወንድሙን እንደ ከብት…» ያላችሁም አትጠፉም።

ስድባችሁ ደርሶኛል።

ስንሻው እኔ ነኝ።

ስሜን ቀይሬዋለሁ። ገመዱን ያጠበቀው ግን ይህን የሚጽፈው እጄ ነው… ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ደረሰ እስካሁን መድኃኒቱን ይወስዳል። አልፎ አልፎ ይከፋዋል፤ ያኔ ሳይብስበት ለተናኘወርቅ እንደውላለን። ዘንድሮም ጎን ለጎን አጭደናል።

ትምህርቱን ልንገራችሁ። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት መዋጡን አረጋግጡ። ጾማችሁን ከሐኪም አትደብቁ፤ መላ አይጠፋለትም። ደግሞም እንደ እኔ ወንድሙን እየወደደ የሚያስር ሰው ብታዩ፣ ከመስደባችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ያዳነኝ የእሷ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።

እስኪ እናንተ… በእኔ ቦታ ብትሆኑ፣ እሷ ፍታው ስትላችሁ ገመዱን ትፈቱት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ፤ አንድ ሳይቀር አነባለሁ።